ባቄላዬ ሲፈተን

ደባርቅ ላይ ደረቅ ባቄላ ቀቅላችሁ ታውቃላችሁ? ካልቀቀላችሁ «ትዕግሥት አለኝ» ብላችሁ አታውሩ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ትጥዱታላችሁ። ቅዳሴው ያልቃል፤ ባቄላው ድንጋይ ነው። የታመመ ጎረቤት ጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ፤ ባቄላው አሁንም ድንጋይ ነው። ውሃው ግን ይፈላል! እንዴት ያለ መፍላት መሰላችሁ! ይንተከተካል፣ ይዘላል፣ ክዳኑን ያንገጫግጨዋል። የሰማ ሁሉ «እዚች ቤት ዛሬ ምን ድግስ አለ?» ይላል። አንዷን ፍሬ አውጥታችሁ ስትነክሷት ግን የሚሰበረው ጥርሳችሁ ነው።

እኔ ይህን ውሃ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የቀበሌ ስብሰባ ነው። እዚያም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ይጣዳል፣ ይንተከተካል፣ ይጨበጨባል። ማታ ወጥታችሁ «ምን ተወሰነ?» ስትባሉ ጥሬ ነው።

ኧረ ከነገሬ አታውጡኝ! ላወራችሁ የተነሳሁት ስለ ስብሰባ አይደለም። ስለ ፊዚክስ ነው። ምን ትስቃላችሁ? አዎ፣ ስለ ፊዚክስ! እርግጥ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሦስተኛንም ቢሆን ጨረስኩ ማለት ይከብዳል፤ ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እንደወጣሁ አልተመለስኩም። እስካሁን ዕረፍት ላይ ነኝ። ግን የእኔ ቃል በሰባት የፊዚክስ ፈተና ወረቀት ላይ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከእናንተ መሐል የተማራችሁት፣ እስቲ ይህ ክብር የደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ! አያችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው።

ትርንጎ የወንድሜ የደሴ ልጅ ናት። ደሴ ከዳባት ወዲያ ገጠር ገበሬ ነው። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ ደባርቅ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ዝምተኛ ናት። እኔ የሁለት ሰው ድርሻ ስለማወራ አብረን ስንኖር ሚዛኑ ይጠበቃል። ታዲያ አሥራ ሁለተኛ በገባችበት መስከረም ደሴ ቤት ሽማግሌ መጣ። ሦስት ሆነው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በቅሏቸውን አጥሩ ላይ አስረው፣ «ልጅህን ለልጃችን» አሉት። ደሴ ክፉ ሰው አይደለም። እምቢ ማለት ግን አባታችን አላወረሱትም። እንደምንም ብሎ፣ «ፈተናዋን ትፈተን፤ ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች በከርሞ ጥቅምት እንነጋገራለን» አላቸው። ሽማግሎቹም «በጎ» ብለው ሄዱ።

ሄዱ ስላችሁ ሄደው ቀሩ ማለቴ አይደለም። ዋናው ሽማግሌ አያ ገበየሁ ደባርቅ ገበያ በመጡ ቁጥር መናኸሪያው አጠገብ ያለችኝ ትንሽ ምግብ ቤት ጎራ ይላሉ። «ልጅቱ፣ ትምህርቱ እንዴት ሆነላት?» ይሉኛል። ድምፃቸው የአባት ነው። ዓይናቸው ግን በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይን ነው።

«እሳት ናት፣ አያ ገበየሁ! እሳት!» እላቸዋለሁ።

ፊታቸው ቅጭም ይላል። «እግዜር ይጨምርላት» ይላሉ፣ እንዲቀንስላት እየጸለዩ።

እንግዲህ ትርንጎን ለፈተናው ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። በምን? በባቄላ! ሌላ ምን አለኝ?

መጀመሪያ እነትርንጎ የሚረዳዱት በስልክ ነበር። የተማሪ ቴሌግራም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ የሳይንስ ጥያቄ ፎቶ ያነሳና «እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ» ብሎ ይለቅቃል። ወዲያው የማያውቅ ሁሉ ይነግረዋል! አንዱ «ኤ ነው» ይላል። አንዱ «ሲ ነው፣ መቶ በመቶ» ይላል። ሦስተኛው «ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው» ይላል። አራተኛው መሐል ገብቶ የሚሸጥ ጫማ ይለጥፋል። ጠያቂው ምን ያደርጋል? ድምፅ ይቆጥራል። ብዙ ሰው ያለውን ደብተሩ ላይ ይጽፍና «ተግባባን» ብሎ ይተኛል።

«ይህ ትምህርት ነው የገበያ ግርግር?» አልኳት ትርንጎን። «እኛ አገር አዝመራ ያስቸገረው ሰው ምን ያደርጋል? ወንፈል ይገባል! ዛሬ የእኔን፣ ነገ ያንተን። ጓደኞችሽን ጥሪ።»

መጡላችሁ። ከትርንጎ ጋር ሰባት ሆኑ። አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው እየተሸከሙ የሚማሩ ናቸው። ከሁሉም ሁለቱን ብትይዙልኝ ይበቃል። አንዱ ሞገስ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ፣ ንባቡ እንደ ቅዳሴ የሚንቆረቆር። እሱ ካነበበው ውሸቱም እውነት ይመስላል። ሁለተኛው ከድር ነው፤ አባቱ ገበያው መሐል ጨርቅ ይነግዳሉ። ምላሱ እንደ አባቱ መቀስ ነው፣ ሳይለካ አይቆርጥም። «እኔ እንኳ ዓርብ ዓርብ ሰግጄ ስለምጨርስ እሑድ ሙሉ ቀን የእትዬ ብርቄ ነኝ» አለኝና በመጀመሪያው ቀን ልቤን ገዛው።

ሕግ አወጣሁላቸው። ከቅዳሴ መልስ እሑድ እሑድ፣ ምግብ ቤቴ ውስጥ፣ ባለረጅሙ አግዳሚ ላይ። ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። የገባው ላልገባው ያስረዳል። ድስቱ ከተጣደ እስኪበስል ድረስ ማንም አይነሳም። ደባርቅ ላይ ባቄላ እስኪበስል ማለት ምን ያህል ትምህርት እንደሆነ አስቡት! ታች ቆላ ዛሪማ ቢሆን ኖሮ አንድ ምዕራፍ እንኳ አይጨርሱም ነበር። ክዳኑ ላይ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ድንጋይ እጭንበታለሁ። ለምን? አላውቅም። ድንጋይ ካልተጫነ አይበስልም፤ አለቀ።

እንዴት ያለ ወንፈል ሆነ መሰላችሁ! ሂሳቡን ሞገስ ያርሳል፣ ኬሚስትሪውን ከድር ያርማል፣ ሌሎቹ ይወቃሉ። ትርንጎ ብዙ አትናገርም እንጂ የተጣመመውን በእርሳሷ ቀስ ብላ ታቀናለች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሹፌሮቹ ሽሯቸውን እየበሉ ስለ አተም ይሰማሉ። አንዱ ረዳትማ ሽሮውን ጨርሶ፣ «እትዬ፣ እስቲ ይህ ኤሌክትሮን የት እንደደረሰ ልስማና እወጣለሁ» ብሎ አውቶቡሱ ትቶት ሊሄድ ነበር።

አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ። ወንፈልና ደቦ ጥሩ ነገር ነው። ግን አንድ አመል አለበት። ሁሉም በአንድ መስመር ነው የሚያጭደው። የቀደመ «ጉረኛ» ይባላል፣ የቀረ ይጎተታል። ልጅ ሳለሁ የአባቴ ደቦ ገብስ ሲያጭድ ዘፈኑ በጣም ደራና ወሰኑን አልፎ የጎረቤቱን ማሳ እኩሌታ አጭዶ ቁጭ! ሃያ ሰው ነበር። ሃያውም ወሰኑን ያውቃል፤ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለበት። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዛፉን አላያችሁትም?» ሲባሉ፣ «አይተናል። ግን ሰው ሁሉ እያጨደ ምን እንበል?» አሉ። አባቴ በበነጋው ሃያ ሰው ይዘው ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታውንም በደቦ!

ይህን እያወቅሁ እኔ የሠራሁትን ስሙ።

አንድ እሑድ ሞገስ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ አነበበና ወደ አማርኛ መለሰልን። «ከፍ ያለ ተራራ ላይ ውሃ የሚፈላው ከቆላው በበለጠ ሙቀት ነው፣ ባነሰ ሙቀት ነው፣ ወይስ በእኩል? ምክንያቱን አስረዱ» ይላል።

ከድር፣ «ውሃ ውሃ ነው፤ እኩል ነው» አለ። ትርንጎ ቀና ብላ፣ «እኔ እንኳ ባነሰ ሙቀት…» ማለት ጀመረች።

አልጨረሰችም። ማን ያስጨርሳታል? እኔ ጭልፋዬን ይዤ ድስቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዕድሜ ልኬን ሰው ጠይቆኝ የማያውቀው ጥያቄ ተጠየቀ! ያውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል! ያውም የማውቀው!

«ቁሙ!» አልኩ። «ይህን ለእኔ ተዉት። እኔ ዛሪማ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ!»

እውነቴን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደን ቆላ ቤት ይዘን ነበር። ጭልፋዬን እንደ መምህር ዘንግ አነሳሁና ቀጠልኩ። «ዛሪማ ባቄላ ጥዳችሁ ወሬ ሳትጨርሱ ይበስላል። ደባርቅ ይኸው፣ ከጠዋት ጀምሮ! ለምን? ቆላው ሙቅ ነው፤ ውሃው ራሱ ግማሽ መንገድ መጥቶ ነው የሚቀበላችሁ። ደጋው ብርድ ነው፤ ውሃው እልኸኛ ነው፤ ብዙ ሙቀት ካልጠጣ አይፈላም። ስለዚህ ተራራ ላይ በበለጠ ሙቀት ነው! ምስክሬ ባቄላው ነው። የለም የሚል አለ?»

ማን ይላል? የማበላቸው እኔ። በዕድሜ እናታቸው እኔ። ጭልፋው የተያዘው በእኔ።

«እትዬ፣ ምስክሩ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ማን ይከራከራል?» አለ ከድር።

ሞገስም፣ «ምሳሌው ግሩም ነው፤ እንጻፈው» አለና ቃል በቃል አጻፋቸው። ሰባት እስክሪብቶ አንድ ላይ ሲንጫጫ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ትርንጎም አጎንብሳ ጻፈች።

«ምን ልትይ ነበር፣ እቴ?» አልኳት።

«ምንም፣ እትዬ።»

ርቧት ነው ብዬ አንድ ጭልፋ ንፍሮ ጨመርኩላት። አያችሁ እኔ! የሰው ሐሳብ ሲታነቅ የሚድነው በንፍሮ ይመስለኛል።

ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቤቱ የሞዴል ፈተና ሰጠ። ሞዴል ማለት ከዋናው በፊት የሚሰጥ መለማመጃ ነው፤ የፈረስ ጉግስ እንደማለት። ትርንጎ ከፈተናው ስትመለስ፣ «እትዬ፣ ያ የውሃው ጥያቄ መጣ» አለችኝ። እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

በሳምንቱ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይቅረብ» ይላል። ስድስቱም እንደሷ ደብዳቤ ይዘዋል። ነገሩ ምንድነው ስል፣ ሰባቱም ልጆች የውሃውን ጥያቄ የተሳሳቱት በአንድ ዓይነት ቃል ነው። «ተኮራርጀዋል፣ ወይም ፈተናውን ሰርቀዋል» ተብሏል። ከተረጋገጠ ስማቸው ለብሔራዊ ፈተናው አይተላለፍም።

አይተላለፍም ማለት ምን ማለት ነው? አትፈተንም ማለት ነው። ካልተፈተነች አላለፈችም። ካላለፈች ጥቅምት ነው። አያ ገበየሁና በቅሏቸው ታዩኝ።

ያለኝን ነጠላ ለብሼ ሄድኩ። የሌሎቹ ወላጆች ሩቅ ስለሆኑ የሰባቱም አሳዳጊ እኔው ሆንኩ። የከድር አባት እንኳ፣ «አንቺ ይሻልሻል፣ ብርቄ፤ እኔ ሱቅ ዘግቼ ተቆጥቼ ነው የምመጣው» ብለው ላኩብኝ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። ርዕሰ መምህሩ ክራባት ያሰረ ወጣት ሰው ነው። አጠገቡ የፊዚክስ መምህሩ መምህር አብርሃም ተቀምጠዋል። ሰባቱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ታጨደ ገብስ ተደርድረዋል።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «መምህር፣ ያንብቡላቸው።»

መምህር አብርሃም አንዱን ወረቀት አንስተው እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡ። «ውሃ ተራራ ላይ የሚፈላው በበለጠ ሙቀት ነው። ምክንያቱም የደጋ ውሃ እልኸኛ ነው። ለምሳሌ ዛሪማ ባቄላ ወሬ ሳያልቅ ይበስላል…»

አላስችል አለኝ! ባቄላዬ እንግሊዝ አገር ደርሶ ሲመለስ እያየሁ እንዴት ያስችለኝ? ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ሁለተኛውን አነበቡ፤ ባቄላ። ሦስተኛው፤ ባቄላ፣ ዛሪማ፣ እልኸኛ ውሃ። «ሰባቱም እንዲህ ናቸው» አሉ። «አራት የተለያየ ክፍል ውስጥ ነው የተፈተኑት። እንዴት እንደተቀባበሉ ነው ያልገባን።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ከማን ነው የገለበጣችሁት?»

ሰባቱም ጫማቸውን ማየት ያዙ።

«ከድር፣ አንተ?»

«በየራሳችን አሰብነው፣ ቲቸር።»

«ሰባት ሰው በየራሱ ባቄላ ያስባል?»

«ቁርስ ሳንበላ ነበር የተፈተንነው፣ ቲቸር።»

መምህር አብርሃም ሳቃቸውን በሳል አለፉት። ልጆቹ ግን አንዳቸውም ወደ እኔ አላዩም። አዩልኝ እስቲ! ሊባረሩ ነው፣ እኔን ግን አሳልፈው አይሰጡኝም። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልዋሽም። መጀመሪያ ነጠላዬን ማስተካከል ያዝኩ። አንዱ ልቤ «ተናገሪ» ይላል፣ ሌላው ልቤ «ስህተት ነው ተብሏል እኮ፤ ምን አቸኮለሽ?» ይላል። ኋላ ትርንጎን አየኋት። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። በጥቅምት ሽማግሌ ፊት ጠላ ይዛ ስትቆም እንደዚሁ እንደምታቀረቅር ታየኝ።

«ሌባው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ባቄላው የእኔ ነው። ዛሪማም የእኔ ነው። እልኸኛ ውሃም ያልኩት እኔ ነኝ። በእሑድ ወንፈላቸው ላይ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

ርዕሰ መምህሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እናቴ፣ ልጆቹን ለማዳን ብለው ነው። ስንተኛ ክፍል ነው የተማሩት?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ» አልኩት።

አላመነኝም። እኔም ተነሳሁ። ጭልፋ ስለሌለ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማስመሪያ አነሳሁና ያን ትምህርቴን ከ«ቁሙ!» ጀምሮ እስከ «የለም የሚል አለ?» ድረስ ለቀቅሁት። መምህር አብርሃም በጣታቸው ወረቀቱን እየተከተሉ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ቃል በቃል ነው» አሉ። «ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር።»

ርዕሰ መምህሩ ግን ደረቅ ነው። «ቢሆንም ሰባት ወረቀት አንድ ዓይነት መልስ ከያዘ ኩረጃ ነው» አለ።

መምህር አብርሃም ደግ ሰው ናቸው። «መጀመሪያ እትዬን ከስህተታቸው እናውጣ» ብለው ከሻይ ክበቡ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ አስመጡ። ሙቀት መለኪያ የሚሉትን የመስታወት ዘንግ ነከሩበት። ውሃው ይንተከተካል። ዘንጉን አሳዩኝ፤ ዘጠና አካባቢ ቆሟል። «ውሃ ባሕር ዳርቻ የሚፈላው መቶ ላይ ነው፣ እትዬ። እዚህ እኛ ጋ ዘጠና ላይ ፈላ። ባነሰ ሙቀት ነው ማለት ነው።»

«ዘንጉ የቆላ ነው» አልኩ። «የኛን ብርድ አልለመደውም።»

ሌላ አመጡ። እሱም ዘጠና አካባቢ ቆመ።

እዚች ላይ ነው እግዜር የገለጠልኝ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞርኩ። «ጌታዬ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ።»

«አዎ።»

«ተኮራረጁ?»

«እንዴት ይኮራረጃሉ? የነከርናቸው አንድ ውሃ ውስጥ ነው እኮ!»

«እነዚህም የተነከሩት አንድ እኔ ውስጥ ነው» አልኩት።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከድር ግድግዳውን ለቅቆ ቁጭ አለ። ርዕሰ መምህሩ ክራባቱን አላላና፣ «እሺ፣ ኩረጃ አይደለም» አለ። «ግን ምን እንበለው?»

«ደቦ» አልኩት። «ወሰን ያለፈ ደቦ።»

ከዚያ መምህር አብርሃም ምክንያቱን አስረዱኝ። ከላያችን ያለው አየር እንደ ድስት ክዳን ነው አሉ። ቆላ ላይ ክዳኑ ከባድ ነው፤ ውሃው በደንብ ሳይግል አይፈላም፤ የጋለ ውሃ ደግሞ ቶሎ ያበስላል። ተራራ ላይ ክዳኑ ቀላል ነው፤ ውሃው ሳይግል ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላው ይዘገያል።

«ድንጋዩ!» ብዬ ጮኽኩ። «ለካ ድንጋይ የምጭነው ክዳኑ እንዲከብድ ነው!»

«እንዴ፣ ድንጋይ ይጭናሉ?»

«ከእናቴ ጀምሮ!»

«እትዬ፣ እጅዎ ፊዚክስ ያውቃል። የተሳሳተው አፍዎ ነው» አሉኝ። እስካሁን እንደዚህ አድርጎ የገለጸኝ ሰው የለም።

በሳቅ ልንለያይ ስንል መምህሩ የትርንጎን ወረቀት ወደ መስኮቱ አነሱት። አንድ የተሰረዘ ነገር አለበት። በብርሃኑ አነበቡት፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ትርንጎ፣ መጀመሪያ ‹ባነሰ ሙቀት› ብለሽ ጽፈሽ ነበር። የአየሩንም ጉዳይ ከነምክንያቱ ጽፈሻል። ልክ ነበር። ለምን ሰረዝሽው?»

ልጅቱ ነጠላዋን እየጠቀለለች፣ «ሁሉም የእትዬን ይጽፋሉ። እኔ ብቻዬን ልክ ልሁን?» አለች።

ኡኡ! የኮሶው ዛፍ! ሃያ ሰው ያየውና ያልተናገረው ዛፍ ቢሮው መሐል ቆሞ ታየኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ስህተትም እንደዚያው ነው ለካ! ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሰባት ሰው ጌጥ። ልክ ነገር ግን፣ ብቻዋን የያዘቻት ልጅ ከብዷት ጣለቻት። ማን አከበደባት? ጭልፋ የያዘችው ናታ!

ያን ቀን ቤት እስክንደርስ አልተናገርኩም። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «ታመሙ እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ።

ልጆቹ ሌላ ጥያቄ ወጥቶላቸው እንደገና ተፈተኑ፤ ስማቸውም ተላለፈ። እኔ ደግሞ በቀጣዩ እሑድ አዲስ ሕግ አወጣሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ‹የለም› ያላለ ንፍሮ አያገኝም። አንድ ‹የለም› ከነምክንያቱ፣ አንድ ጭልፋ።»

መጀመሪያ አፈሩ። ኋላ ሲርባቸው ለመዱት። ለመዱት ስላችሁ፣ ተዉ እንጂ አትጠይቁኝ! ሞገስ የመጽሐፉን መልስ ተቃወመ። ከድር ሞገስን ተቃወመ። ትርንጎ ሁለቱንም ተቃውማ ሁለት ጭልፋ ወሰደች፤ ሁለቱም ይገባት ነበር። ሰኔ ላይ ባቄላውን ጨው አነሰው ብል፣ «ማስረጃ ይቅረብ» ይሉኝ ጀመር። በገዛ ቤቴ በጨው እንኳ ሰው መስማማት አቃተኝ። ሹፌሮቹም ተጋባባቸው መሰል፣ አንዱ ሽሮውን ቀምሶ «እትዬ፣ እኔ በዚህ አልስማማም» አለኝ። እሱን እንኳ አስወጣሁት።

ውጤት መጣ። ትርንጎ አለፈች! ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። እልልታዬን ዳባት ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም።

ደሴ በጥቅምት ድግስ ደገሰ። አያ ገበየሁም ከሁለቱ ሽማግሎች ጋር መጡ፤ ጎረቤት ናቸው፣ ደግሞም እስከ መጨረሻው ተስፋ የማይቆርጡ ሰው ናቸው። «ዩኒቨርሲቲውንም አግብታ መማር ትችላለች እኮ» ሲሉ ለደሴ ሰማኋቸው። ደሴም፣ እንደ ልማዱ፣ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። በዚህ መሐል እኔ ለእድምተኛው የባቄላዬን ታሪክ አወራሁ። ተሳቀ። አያ ገበየሁ ግን አልሳቁም።

«ይህማ ሐሰት ነው» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ብርድ አገር ውሃ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

ሁለቱ ሽማግሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ዳሱ በሙሉ ነቀነቀ። ደሴም ነቀነቀ። የእኔም አንገት፣ ይቅር በሏት፣ ከልምዷ የተነሳ ልትነቀነቅ ስትል ያዝኳት።

ትርንጎ ጠላ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ቀና አለች።

«የለም፣ አያ ገበየሁ» አለች። «ተሳስተዋል።»

ዳሱ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን የአየሩን ክዳን፣ ቆላውን፣ ደጋውን፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አስረዳች። ስትጨርስ ደግሞ ወደ ደሴ ዞረች። «አባባም ሳይገባዎት ነው የነቀነቁት። ስለ ማግባቱም ነገር እንደዚሁ ነው የነቀነቁት። የለም፤ እኔ ተምሬ ስጨርስ ራሴ እነግርዎታለሁ።»

ደሴ ወደ እኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

አያ ገበየሁ ልጅቱን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ይህን ምላስ በልጃቸው ጎጆ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዓመት እስከ ዓመት ሲያስቡት ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩና በቀስታ፣ «እንኳን ቀረችብን!» አሉ።

«እንኳን!» አሉ ሁለቱ ሽማግሎች።

«እንኳን!» አለ ደሴ፣ ነፍሱ መለስ ብላ።

ትርንጎም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀችና፣ «እንኳን!» አለች።

እኔም ጭልፋዬን አነሳሁ። «የለም የሚል አለ?» አልኩ።

አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ከባቄላው ወዲህ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር አላምንም ነበር። ያን ቀን ግን፣ ዳስ ሙሉ ሕዝብ ተስማምቶ ልክ ሲሆን በዓይኔ አየሁ።